ክዳን የለመነችው ዘንዶ

አያ ገብረ ሊባኖስ ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን የቀዱትን ጠበል በቅል ይዘው ዳገቱን ሲወጡ፣ ቅሉን እንደ ሕፃን አቅፈውት ነበር። የልጅ ልጃቸው የሺሃረግ በተቅማጥ ከወደቀች ወዲህ እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። በዚያ ሰሞን በመንደሩ ሁለት ሕፃናት ተቀብረዋል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ነውና፣ ሦስተኛዋ የእሳቸው እንዳትሆን ሰግተዋል።

ዳገቱ ወገብ ላይ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪውን ፈንታውን አገኙት። ከጋሸና የመጣ ጭነት በበቅሎ ይነዳል።

«እንደምን ዋሉ አያ? ልጅቱስ?»

«እግዜር ያውቃል፣ ልጄ። ጭነቱ ምንድን ነው?»

«ሲሚንቶ ነው። ገበሬ ማኅበሩ ማክሰኞ የመንደራችንን ምንጭ ሊያስከድን ወስኗል።»

ሽማግሌው ቅሉን አጥብቀው ይዘው ቆሙ። ምንጩን የሚጠብቁት፣ ተራ የሚያስይዙት የውኃ አባት እሳቸው ናቸው፤ በምንጩ ውስጥ ትኖራለች የምትባለውን ዘንዶ ተረትም ከአባታቸው የተረከቡ እሳቸው ናቸው። ምንጩ የዘንዶዋ ዓይን ነው፤ የጋረዱባት እንደሆነ ውኃዋን ይዛ ትሰደዳለች ይባላል።

«ተው ልጄ! ከሄደች ምን ልንጠጣ ነው? ዕንባችንን?»

እሳቸውን ሞኝ የሚል ሰው፣ አንድ ምንጭ ብቻ ባለበት አገር ኖሮ አያውቅም።

«ዘንዶ የለችም ብዬ አልሟገትዎትም» አለ ፈንታው። «ግን አባቶቻችን ስለ ምን አወሯት?»

«እንድንፈራት ነዋ!»

«ፈርተን ምን እንድናደርግ?»

አያ ገብረ ሊባኖስ ዳገቱን መውጣት ቀጠሉ። «አያቴ ሲያወሩ ልጅ ነበር የምትውጠው። ያኔ ምንጩ ጥልቅ ነበር አሉ፤ ሕፃን ገብቶ ይቀር ነበር። በኋላ ደለል ሞላውና ከብት እየገባ ሲያደፈርሰው፣ አባቴ ‹ከብት ትውጣለች› አሉ።»

«እንግዲያ ምግቧን ማን ለወጠው?»

«አባቴ...» አሉና ደነገጡ። ኀጢአት የተናገሩ መስሏቸው አማተቡ።

«አባትዎ አልዋሹም፣ አያ። በየአገሩ ያለ ሰው የሚፈራውንና የሚወደውን ለልጁ በተረት ያወርሳል። ‹ውኃ አታቆሽሽ› ቢሉት የሚረሳ ልጅ ዘንዶዋን አይረሳም። ዘመን ሲለወጥ ግን አደጋውም ይለወጣል። ዛሬ የሚፈጀን ጎርፍ ከላይ የሚያወርደው እበትና ዓይነ ምድር ነው። ዘንዶዋ ይህን ካልነገረችን ፍርሃቷ ብቻ ቀረ፣ ጥበቧ ጠፋ ማለት ነው። በከተማ ቴአትር የሚጽፉትም የጥንቱን ተረት አንሥተው የዛሬውን ችግር ያናግሩታል።»

«ታዲያ ፊደል የቆጠርከው አንተ ንገራቸዋ!»

ፈንታው ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ ብናገር የካድሬ ወሬ ይሉታል። በግድ ቢከደን ደግሞ በማግስቱ አንዱ ሄዶ ይነቅለዋል። የሚታመኑት እርስዎ ነዎት።»

«ውኃው ቢቆምስ?»

«መውጫ ቧንቧ እንተውለታለን። እስከዚያው ለየሺሃረግ ጠበሉን ይስጧት፤ የምንጩን ውኃ ግን ሳያፈሉ እንዳያጠጧት።»

ማክሰኞ ሕዝቡ ድንጋይ ተሸክሞ ምንጩ ዳር ቆመ፤ የሚጀምር ጠፋ። ሁሉም የሚያየው አያ ገብረ ሊባኖስን ነው።

«ዘንዶዋ ዓይኗን አመማት» አሉ። «እበቱና ጭቃው ገባባት። ‹የውኃ አባት፣ ክዳን አብጅልኝ፤ ካልከደንከኝ እሄዳለሁ› አለች።» የመጀመሪያውን ድንጋይ ራሳቸው አኖሩ።

ሲሚንቶው እስኪደርቅ ውኃው በቦይ ወደ ጎን ተመልሶ ነበርና፣ ቧንቧው ደረቅ አፉን ከፍቶ ሰነበተ። ሽማግሌው ከአጠገቡ አልተነሡም፤ እህልም በአፋቸው አልዞረም። በገዛ አፌ አገር አጠፋሁ እያሉ ይብሰለሰሉ ነበር። ቦዩ ሲዘጋ ቧንቧው አንዴ አጉረመረመ፤ ዝም አለ፤ ከዚያ ውኃው ወረደ። ሽማግሌው እንደ ልጅ አለቀሱ።

ከዚያ ወዲህ በመንደሩ ተቅማጥ ረገበ፤ ከብቱም ከታች በተሠራለት ገንዳ ይጠጣ ጀመር፤ ክዳኑን ሊነካ የደፈረ ሰው የለም። ተረቱ ጠባቂ ሆኖታላ!

የሺሃረግም ዳነች። አንድ ቀን ቧንቧው ሥር ለእኩዮቿ ስታወራ አያቷ ሰሟት። «ዘንዶዋ እጁን ሳይታጠብ የሚበላውን ነው የምትውጠው!»

አያ ገብረ ሊባኖስ «እኔ መቼ እንዲህ አልኩ?» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ወደ ቧንቧው ጠጋ ብለው እጃቸውን ታጠቡ።