ሊቫ ከእኔ ደረጃ አልወደቀችም

የምስክር ቃል

ስም፦ ቢርጊት ኦስተርጎርድ
ዕድሜ፦ 61 ዓመት
ሥራ፦ የዓሣ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ ሠራተኛ
አድራሻ፦ ዴንማርክ፣ ምዕራብ ዩትላንድ፣ የወደብ ጎዳና፣ የቤት ቁጥር 27
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሰኞ ኖቬምበር 11 ቀን 2019፣ ከጠዋቱ 2:40 ሰዓት
ቃል ተቀባይ፦ ኢንስፔክተር ሄኒንግ ላውሪድሰን

እኔ የተጠርጣሪው የሞርተን ኦስተርጎርድ ወላጅ እናት ነኝ። እናት በልጇ ላይ እንድትመሰክር ሕጉ እንደማያስገድድ ቃል ተቀባዩ አስረድተውኛል። ገብቶኛል፤ ቃሌን የምሰጠው በፈቃዴ ነው።

ሟች ሕፃን ሊቫ የሦስት ዓመት ልጅ ስትሆን፣ ከልጄ ጋር የምትኖረው የፍቅር ጓደኛው የማይከን ልጅ ናት። ልጄ አባቷ ባይሆንም እኔን አያቴ ትለኝ ነበር። ኖቬምበር 1 ቀን በዚሁ ጣቢያ በሰጠሁት ቃል ሕፃኗ ከቤቴ ደረጃ ላይ ወድቃ ነው የሞተችው ብያለሁ። ይህ ሐሰት ነው።

ሊቫ በሞተችበት ዕለት ከሥራ ወጥቼ ቤቴ የገባሁት ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። 9:20 ገደማ ልጄ ሊቫን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በጓሮ በር ገባ። ማይከን ሥራ ላይ ስለነበረች ልጅቷን የያዛት እሱ ነበር። ተቀብዬ ስጠራት አልመለሰችም፤ ትንፋሿም አይሰማም። ልጄ "እማ፣ ካንቺ ደረጃ ላይ ነው የወደቀችው በይ። አንቺን ማንም አይጠረጥርሽም" አለኝ። አምቡላንስ የጠራሁት እኔ ነኝ። ፖሊስ ሲጠይቀኝ ልጄ ያለኝን ደገምኩ። ያን ጊዜ የታየኝ ልጄ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ኖቬምበር 9 ቀን ከቀብር በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ቡናና ዳቦ ሲቀርብ ማይከን አጠገቤ ተቀመጠች። እጄን ይዛ "ቢርጊት፣ እንኳን አንቺ ጋ ሆነ። ስትወድቅ ጠራችኝ?" ብላ ጠየቀችኝ። "አዎ፣ እማዬ አለች" አልኳት። አመሰገነችኝ፤ ጉንጬንም ሳመችኝ። ተነስቼ ወጣሁ።

በማግስቱ እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ማይከን እህቷ ዘንድ ሳለች፣ ወደ ልጄ ቤት ሄድኩ። ጋራዥ ውስጥ ብስክሌት ይጠግን ነበር። የሆነውን ንገረኝ አልኩት። መጀመሪያ "አንሸራትቷት ነው" አለ። ደግሜ ስጠይቀው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ነገረኝ። ሊቫ ምሳዋን አልበላም ብላ ሳህኑን ደፋችው፤ አለቀሰች። "ዝም በይ ብላት እምቢ አለችኝ፤ አንስቼ ከግድግዳ አጋጨኋት" አለ። አንድ ጊዜ ነው ወይ ስለው "አይደለም" አለኝ። ከዚያ በኋላ ወደ እኔ ይዟት እስኪመጣ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቷል።

ነገ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ስለምሄድ አብሮኝ እንዲመጣ ነገርኩት። "እማ፣ ልጅሽ እኮ ነኝ!" አለኝ። "ልጄ ስለሆንክማ ነው ቀድሜ አንተ ጋ የመጣሁት" አልኩት። ጠበቃ ይዞ አደጋ ነው ቢል እንደሚቀልለት ተናገረ። "አደጋ የደረሰበት ሰው ስልክ ያነሳል። አንድ ሰዓት ሙሉ ምን ትሠራ ነበር?" አልኩት።

ዛሬ ከጠዋቱ 2 ሰዓት መኪናዬን በሩ ላይ አቁሜ ክላክስ ነፋሁ። ጢሙን ተላጭቶ ወጣ። ጣቢያው በር ላይ "አብረሽኝ ትገቢያለሽ?" ሲለኝ ገባሁ። ተረኛው ፖሊስ ጉዳያችንን ሲጠይቅ ልጄ ራሱ "ሊቫን የገደልኳት እኔ ነኝ" ብሏል።

ማይከን እውነቱን ከእኔ አፍ እንድትሰማ ጠይቄ አልተፈቀደልኝም። ስለዚህ ሊቫ ቤቴ ከገባች በኋላ አንዲት ቃል እንዳልተነፈሰች ፖሊስ ይንገርልኝ። በሐሰት ቃሌ እንደምጠየቅ አውቃለሁ፤ እቀበላለሁ። ልጄ ፍርድ ቤት ቀርቦ ቃሉን ቢለውጥ፣ እኔ ይህንኑ ፊት ለፊቱ እናገራለሁ።

ቃሌ ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። የተናገርኩት ነው፤ የሚጨመርም የሚቀነስም የለበትም።

የምስክር ፊርማ፦ ቢርጊት ኦስተርጎርድ
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ሄ. ላውሪድሰን

ከመዝገቡ ጋር የተያያዘ ማስታወሻ፣ ማርች 3 ቀን 2020፦ ተከሳሹ ዛሬ በዋለው ችሎት ክሱ ተነብቦለት "ፈጽሜያለሁ፣ ጥፋተኛ ነኝ" በማለቱ ምስክሯን መስማት አላስፈለገም። ምስክሯ ግን ችሎቱ ከመከፈቱ ከአንድ ሰዓት በፊት ጀምረው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ሄ. ላ.