በማሂ ጥላ ላይ የተተከለው ችካል

አቶ መሸሻ ተቆጥተዋል። ቁጣቸው ጠዋት ተነሥቶ ማታ የሚበርድ ዓይነት አይደለም፤ ካለፈው ሳምንት ሐሙስ ጀምሮ አብሯቸው ያድራል፣ አብሯቸው ይነሣል፣ ከገበታቸው ላይ አብሯቸው ይቀርባል። በየካቲት ጠራራ ፀሐይ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግተው፣ የአምስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ማሂን ከሥሩ አስገብተው በቡርቃ ጃቶ መንገድ ዳር ሲያዘግሙ፣ የነቀምቴ ሰው ዝም ብሎ አላሳለፋቸውም።

«ኦቦ መሸሻ፣ ዝናቡን ለብቻዎ ነው እንዴ ያዘዙት?» ይላል አንዱ መንገደኛ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን በኦሮምኛም በአማርኛም መልሰው ያስቁት ነበር። ጎጃሜው አያታቸው በዚህ ከተማ የጨርቅ ሱቅ ከከፈቱበት ዘመን ጀምሮ በሁለቱም ቋንቋ መጫወት የቤተሰቡ ወግ ነው። ዛሬ ግን ጥርሳቸውን ነክሰው አለፉ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሐሙሱ ልነሣ። የማሂ እናት ብፅዓት ቢላ በምትባል ከተማ ነርስ ናት፤ ልጅቱ የምታድገው አያቷ ዘንድ ነው። ያን ዕለት ማሂ ምሳ ዕቃዋን ረስታ ሄደች። አቶ መሸሻ ይዘውላት ወደ አፀደ ሕፃናቱ ወረዱ። ከግቢው ሲገቡ ልጆቹ ክብ ሠርተው ቆመዋል፤ ማሂ መሐል ላይ ፀሐይ አርፎባት ትስቃለች። መምህርቷ ሊሊሴ ደግሞ ተንበርክካ፣ የሾለ ችካል በማሂ ጥላ ራስ ላይ አቁማ፣ በድንጋይ ትመታለች።

አቶ መሸሻ ምሳ ዕቃውን ጣሉት። የሰው ጥላ በሹል ነገር ከተወጋ ባለቤቱ ይመነምናል፣ አልጋ ይይዛል፣ ይሞታል ሲባል ሰምተው ነው ያደጉት። ጥላ ወጊ የሚባለውን ክፉ ስም በቤታቸው ማንም ድምፁን ከፍ አድርጎ አይጠራውም ነበር። «ጥላዋን ወጋሽው! ልጄን ገደልሻት! ራሷ ላይ ችካል ተከልሽባት!» እያሉ ጮኹ፤ ማሂን አፈፍ አድርገው ወጡ።

ያን ምሽት ማሂን አተኮሳት። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ክታብ አንገቷ ላይ ታሰረ። ትኩሳቱ በማግሥቱ ለቀቃት፤ ሌላው ግን አልለቀቃትም። ፀሐይ ላይ አትቆምም። አምፖል ሲበራና ጥላዋ ግድግዳው ላይ ሲወጣ ቤቱን በጩኸት ትሞላዋለች። ከአያቷ ጃንጥላ ሥር ካልሆነ ደጅ አትወጣም። ልጅን በጅብ ሲያስተኙ፣ በጭራቅ ሲያበሉ፣ በፖሊስ ሲያስፈራሩ ኖረው ሲያበቁ «ይህች ልጅ ምን ነካት?» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አቶ መሸሻም ያን ሳምንት ሙሉ ይህንኑ ሲጠይቁ ሰነበቱ። መልሱ አፋቸው ውስጥ እንዳለ አላወቁም።

ዛሬ ቅዳሜ የወላጆች ስብሰባ ነው። አቶ መሸሻ የሚሄዱት መምህርቷን በወላጆች ፊት አስወግዘው ሊያስባርሯት ነው፤ ማሂንም ለብቻዋ ቤት ትተው መውጣት ስላልቻሉ ይዘዋት ወጡ። ቃላቸውን እየደረደሩ ሲሄዱ የጨመዳ መስታወት ቤት ደጃፍ ላይ ከራሷ ከሊሊሴ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ሊሊሴ ጠርዛቸው በፕላስተር የተጠቀለለ የመስታወት ስባሪዎች ታቅፋለች።

«አካም ቡልተኒ ኦቦ መሸሻ! ታኣ፣ ይቀመጡ» ብሎ ጨመዳ በርጩማ ገፋላቸው።

አቶ መሸሻ አልተቀመጡም። «ደግሞ ዛሬ መስታወት?» አሉ ለመምህርቷ፣ ሰላምታም ሳያስቀድሙ። «ጥላቸውን ጨርሰሽ ወደ መልካቸው ዞርሽ?»

«እንደምን አደሩ አባ ኮ» አለች ሊሊሴ ዝቅ ብላ። ስትናደድ ድምፅዋ የማይጨምር፣ ጆሮዋ ግን የሚቀላ ልጅ ናት፤ ጆሮዋ ቀልቷል። «አባቴ ብዬ አክብሬዎት እስካሁን ዝም አልኩ። ከዛሬ በኋላ ግን ዝም አልልም። አዎ፣ ችካል ተክያለሁ። ጥላዋ ራስ ላይ ነው የተከልኩት።»

«ሰማህ ጨመዳ? አፏ አመነ!»

«ለምን እንደተከልኩስ ጠየቁኝ? እግሯ የቆመበትን በአመድ አከበብን፤ የጥላዋ ራስ የደረሰበትን በችካል ምልክት አደረግን። ከእረፍት በኋላ እዚያው ስትቆም ጥላዋ ችካሉን ጥሎ ሄዶ ታገኘዋለች። ልጆቹ ጨዋታውን ‹ጥላ አምልጥ› ይሉታል። ፀሐይ ከፍ ስትል ጥላ እንደሚያጥር እኔ ብነግራቸው ይረሱታል። በዓይናቸው ካዩት ግን አይረሱትም። የሁሉም ልጅ ጥላ ሲያመልጥ ሁሉም አይቶ አጨብጭቧል። ያላየችው ማሂ ብቻ ናት። ችካሉ ሲመታ አየች፣ እርስዎ ሲጮኹ ሰማች፣ መጨረሻውን ሳታይ ወሰዷት!»

«ትኩሳቱስ? እሱንም ጨዋታ በይው!»

«ከማክሰኞ ጀምሮ ታስል ነበር። የክፍሉ ግማሽ ጉንፋን ይዞት ነበር። የክፍል ጓደኛዋን ፊራኦልንም አተኩሶታል፤ የእሱን ጥላ ያን ቀን ማንም አልነካውም።»

አቶ መሸሻ ከባዱን ድንጋይ አነሡ። «መጽሐፉን ታነቢያለሽ አይደል? የጴጥሮስ ጥላ ድውይ ፈውሷል። የሚፈውስ ጥላ ካለ የሚወጋ ጥላም አለ።»

«አነባለሁ አባ ኮ። ድውያኑ አልጋቸውን መንገድ ላይ ዘርግተው፣ ጥላው እንዲያርፍባቸው ተኝተው ጠበቁት። ፈዋሹ እግዚአብሔር ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ጴጥሮስ በሰው በተሞላ መንገድ ሲያልፍ ስንቱ ጥላውን ረገጠው? ጴጥሮስ ታመመ ይላል? በገበያችን ቀን ነቀምቴ ውስጥ የማን ጥላ የማን እግር ሥር አይገባም? ይህ ቢገድል ኖሮ ከተማው እስካሁን ባዶ ነበር።»

ጨመዳ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። አቶ መሸሻ ገላመጡት።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አሉ። «ልጄን የላክሁት ሀ ሁ ትቁጠር፣ የኦሮምኛ ፊደሏን ቁቤን ትለይ ብዬ ነው። ጨዋታማ ቤትም ሞልቷል። ደግሞ እናንተ ጴንጤዎች የሚፈራ ነገር ያለ አይመስላችሁም፤ የእኛን ግን ተዉልን።»

«ይህ የእናንተ ብቻ መሰለዎት?» አለች ሊሊሴ። «ኡኬ ከተማ ባደግሁበት ቤት ሕፃን መስታወት ካየ አፉ ይተሳሰራል ይባል ነበር። በዚህ ምክንያት ትምህርት ቤት እስክገባ ፊቴን አላውቀውም ነበር። ልጆች ‹ይቺ ጠባሳ ያለባት› ሲሉኝ ማንን እንደሚሉ አይገባኝም። ለዚህ ነው ዛሬ መስታወት የምለምነው። ፍርሃት ሃይማኖት የለውም አባ ኮ! በየቤታችን አለ፤ የምናበላውም ለልጆች ነው። እኔን ያስባርሩኝ። ግን ከዚያ በፊት እሷን ይጠይቋት። ምን እንደምትፈራ አንድ ቀን ጠይቀዋታል?»

አልጠየቋትም። ጎንበስ አሉ። «ማሂዬ፣ ምንድን ነው የምትፈሪው?»

ማሂ አናቷን ነካች። «ችካሉን። እዚህ ውስጥ አለ። ማታ ይወጋኛል።»

«ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«አንተ።»

ቁጣ መሄጃ ሲያጣ ባለቤቱ ላይ ይመለሳል። አቶ መሸሻ ፊታቸው ጠቆረ። ማንን ይምቱ? ማንን ይክሰሱ? ችካሉን መሬት ላይ የመታችው መምህርቷ ነበረች፤ ልጅቱ ራስ ውስጥ ያስገቡት ግን እሳቸው ናቸው። በጩኸታቸው መቱት፣ በክታቡ አጠበቁት፣ በጃንጥላው ሸፈኑት። ቢሆንም ጥላ ወጊ የለም ብለው ገና አላመኑም፤ ያመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህ ችካል ከዚህች ልጅ ራስ መውጣት አለበት፣ የሚያስከፍለውንም ያስከፍል።

ጃንጥላውን መሬት ላይ አስደግፈው ማሂን ከሥሩ አስቀመጧት። ኮፍያቸውን አወለቁና ፀሐይዋ መሐል ቆሙ።

«ጨመዳ፣ ምስማርና መዶሻ አምጣ። የእኔን ጥላ ውጋ።»

ሲስቅ የነበረው ጨመዳ ሳቁን ዋጠ። «እኔ? ኧረ በጌታ! ኦቦ መሸሻ፣ የእርስዎን ራስ?» ብሎ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። በሰው ፍርሃት የሚስቅ ሁሉ ፍርሃት የሌለው እንዳይመስላችሁ።

«እንግዲያው አንቺ ምቺው» አሉ ለሊሊሴ። «እንደ እሷው፤ ራሱ ላይ።»

«አባ ኮ፣ ግድ የለም፣ ሌላ…»

«ምቺው አልኩሽ! እሷ እያየች!»

ሊሊሴ ስባሪዎቹን አስቀምጣ ከጨመዳ ምስማርና መዶሻ ተቀበለች፤ ተንበርክካ ምስማሩን በጥላቸው አናት ላይ አቆመች፤ መታችው። አቶ መሸሻ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከንፈራቸው በጸሎት ተንቀሳቀሰ። መንገደኛው ቆመ፣ ባለ ባጃጁ ቆመ፣ ሽንኩርት ሻጯ ቅርጫቷን አወረደች።

«ከልጅ ጋር አትጫወት፣ ይወጋሃል በእንጨት ማለት ይሄ ነው!» አለ አንዱ ከሰዉ መሐል። የሳቀለት የለም።

ማሂ ከጃንጥላው ሥር ሆና አያቷን ታያለች። ሊሊሴ አንዱን የመስታወት ስባሪ ወደ ፀሐይ አዘነበለችው፤ ቁራሽ ብርሃን ጃንጥላው ሥር ገብታ ማሂ ጉልበት ላይ አረፈች። ማሂ በእጇ ከደነቻት። ብርሃኗ እጇ ላይ ወጣች።

«ምንድን ናት ቲቸር?»

«ፀሐይ ናት። ኳስ ግድግዳ መትቶ እንደሚመለስ፣ መስታወቱን መትታ ወደ አንቺ መጣች። አሁን እጅሽን አንሺ። ከኋላው ምን አለ?»

«የእጄ ጥላ።»

«ለምን ጠቆረ?»

ማሂ አሰበች። «እጄ ስለከለላት… ብርሃኗ አታልፍም።»

«ጥላ ይህ ብቻ ነው። ብርሃን ያልደረሰበት ቦታ። ሥጋ የለውም፣ ደም የለውም፣ ስለዚህ አያመውም። በይ፣ የአባባን ጥላ ደግሞ ሄደሽ እይልኝ።»

ማሂ መጀመሪያ በዓይኗ ሄደች። ቀጥላ እየዳኸች አንገቷን ከጃንጥላው አወጣች፤ ቀጥላ ጉልበቷ ፀሐይ ላይ ወጣ። ሰው ሻይ ጠጥቶ የሚጨርስበት ያህል ጊዜ አልፏል፤ አቶ መሸሻ ላባቸው በጆሯቸው ሥር እየወረደ ከቆሙበት አልተነቃነቁም። የጥላቸው ራስ ግን ምስማሩን ለቆ ወደ እግራቸው ተሰብስቧል። ምስማሩ ፀሐይ የመታው ባዶ አፈር ላይ ለብቻው ቆሟል።

«አምልጧል!» ብላ ጮኸች። አያቷ ዓይናቸውን ገለጡ፤ አዩ። አናታቸውን ዳሰሱ። ምንም የለም።

ማሂ ምስማሩን በሁለት እጇ ነቀለችው። ሁሉም ትስቃለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ፊቷ በቁጣ ቀላ፤ ምስማሩን አያቷ እግር ሥር ወረወረችው። «ዋሽተኸኛል! አይወጋም! አንተ ነህ ያስፈራራኸኝ!»

«ማሂ! አያት እንዲህ ይባላል?» አለች ሽንኩርት ሻጯ።

«ተያት!» አሉ አቶ መሸሻ። «እውነቷን ነው። ዋሽቼሻለሁ ልጄ። እኔንም ዋሽተውኝ ነበር፤ እኔ ግን ሳልጠይቅ አመንኩ። አንቺ ጠይቀሽ አየሽ።»

ከዚያ ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞሩ። ቁጣቸው አልበረደም፤ አቅጣጫውን ብቻ ለወጠ። «ምን ታያላችሁ? እኔ ወደ ስብሰባው የምሄደው ይህችን መምህርት ላስባርር ነበር። አሁን ግን በሁሉም ፊት የምለው ይህ ነው፦ ጥላ ከምን እንደሚመጣ ያወቀ ልጅ ጨለማ አይፈራም። ማታ ብቻውን ደጅ ይወጣል፣ እንቅልፉን ይተኛል። ለምን ብሎ የጠየቀ፣ በዓይኑ አይቶ ያረጋገጠ ልጅ አድጎ ሲታመም ሐኪም ቤት ይሄዳል እንጂ ጠንቋይ ደጅ ዶሮ ይዞ አይቆምም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ባተኮሰው ቁጥር ጎረቤቱን ‹ወጋኝ› ብሎ አይጠረጥርም። እኔ ይህችን መምህርት ጠርጥሬያታለሁ! ለልጄ የለፋችውን! በጨዋታ የተሰጠ ትምህርት ከንቱ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ እኔ በስተርጅናዬ በመንገድ ዳር የተማርኩት በጨዋታ ነው።»

«ክታቡስ?» አለች አንዷ።

«ክታቡ ላይ ያለው ጸሎት ነው፤ ጸሎቱ ይቆይ። ውሸቱ ግን ይውጣ!» ብለው ወደ ሊሊሴ ዞሩ፤ ጎንበስ አሉላት። «መምህርት፣ ይቅር በይኝ። መስታወቱን እኔ ልያዘው፤ አብረን እንሂድ።»

ሊሊሴ ስባሪዎቹን ስታቀብላቸው እንባዋ መጣ። «ገለቶማ አባ ኮ» ብላ አመሰገነቻቸው።

ማሂ ግን ገና አልታረቀችም። እጇን ሊይዙ ሲሉ ነጠቀቻቸውና ወደ ትምህርት ቤቱ ፊት ፊት ሄደች። ፀሐይዋ ከፊቷ ነበረች፤ አጭር ጥላዋ ከኋላዋ ይከተላል። አቶ መሸሻ ከኋላ ናቸው። የዕድሜ ልክ ልማድ በአንድ ጠዋት ከእግር አይወጣምና የልጅቱ ጥላ ጫማቸው ጋ ሲደርስ ሳያስቡት ወደ ጎን ዘለል አሉ።

ማሂ ዞር ስትል አየቻቸው። ቆመች።

«ርገጠው።»

«ማሂዬ…»

«ርገጠው አልኩህ! አያመኝም!»

አቶ መሸሻ ሊሊሴን አዩ። እግራቸውን ቀስ ብለው አነሡና የልጅ ልጃቸው ጥላ ራስ ላይ አሳረፉት። ማሂ እጇን አናቷ ላይ አድርጋ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ እጇን አወረደችና መንገዷን ቀጠለች።