ጋሽ ዳውድ ሐሙስ ዕለት የሚናገሩት

ጋሽ ዳውድ ሥራ የጀመሩ ቀን ክራባታቸው ሾርባ ውስጥ ገባ።

ይሳቁ፣ እርስዎም ይሳቁ ጋሽ ዳውድ። ለወጥ ቤት ረዳትነት ተቀጥሮ ሙሉ ልብስ ለብሶና ክራባት አስሮ የመጣ ሰው በዚያ የአረጋውያን መንከባከቢያ ከእርስዎ በፊትም ሆነ በኋላ አልታየም። እኔ ያኔ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበርኩ። ሽርጥ ላቀብልዎት ስመጣ ትልቁ ድስት ላይ ጎንበስ ብለው ያማስላሉ፤ ክራባቱም አብሮ ይማሰላል። "ጋሼ፣ ክራባትዎ!" ብዬ ጮህኩ። ቀና ብለው አዩኝና፣ "እህቴ፣ ሾርባውን አይጎዳውም፤ ትናንት ነው ያጠብኩት" አሉኝ።

የዚያኑ ቀን ምሳ ላይ ደግሞ መኔር ኮፕማን የሚባሉ የሆላንድ ሰው አዩዎት። ዕድሜያቸውን እዚያው ስኪዳም ከተማ፣ የጂን መጠጥ ፋብሪካ ውስጥ የጨረሱ፣ በማንም የማይደሰቱ ሽማግሌ ነበሩ። ክራባቱን ሲያዩ ጠረጴዛውን መቱና፣ "ዳይሬክተር! ይህ ድንች ጥሬ ነው!" አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን "ዳይሬክተር አይደለሁም" ብሎ ይሄድ ነበር። እርስዎ ወንበር ስበው ተቀመጡና "እስኪ ይንገሩኝ" አሏቸው። መኔር ኮፕማን እስኪሞቱ ድረስ ዳይሬክተር እንዳሉዎት ቀሩ። ዓርብ ዓርብም ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ ቅሬታቸውን የሚናገሩበት ጠረጴዛ በዚያ ቀን ተጀመረ። ይህን ጠረጴዛ ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ትናንት በሥራ ቦታ የተደረገው ሽኝት በደችኛ ነበር። ኬክ ተበላ፣ አበባ ተሰጠ፣ ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ። ዛሬ እዚህ ሻርሎይስ ሰፈር የተሰበሰብነው በራሳችን ቋንቋ ልንሸኝዎት ነው። አለቃችን አንሊስም መጥታለች፤ ሄርሜላ አጠገቧ ቁጭ ብላ እየተረጎመችላት ነው። ሄርሜላ፣ የድንቹን ነገር አትተርጉሚ። ድንቹ አሁንም ጥሬ ነው።

እንድናገር የመረጠኝ የሥራ ባልደረባችን ሮቢ ነው። "አንቺ መጽሐፍ ታነቢያለሽ" አለኝ። ማንበብና መናገር አንድ እንዳልሆኑ ላስረዳው ብሞክር አልሰማኝም። ስለዚህ ታገሱኝ።

ጋሽ ዳውድን ዛሬ ገና የምታዩ አላችሁ። እኒህ ሰው ሰላምታ ሳይጨርሱ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ። "ምን ጀምረህ ተውክ?" ይላሉ። ሴትም ትሁን ወንድ፣ አዲስ ሠራተኛም ይሁን እንግዳ፣ ያችው ናት ጥያቄያቸው።

ይህ ለኛ ሰው ቀላል ጥያቄ አይደለም። እኛ የጨረስነውን እንጂ ያቋረጥነውን አናወራም። ሁለት ሦስት ዓመት ኮሌጅ ተቀምጦ በጦርነት ወይ በስደት ወይ በቤተሰብ ችግር ያቋረጠ ሰው፣ እዚህ አገር መጥቶ "ትምህርትህስ?" ሲባል "የለኝም" ይላል። ሊዋሽ ፈልጎ አይደለም፣ አፍሮ ነው። ያልተጨረሰ ነገር በኛ ዘንድ እንዳልነበረ ይቆጠራላ። ከዚያ ከፊደል እንደሚጀምር ሰው ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ ወይም ጭራሽ አይጀምርም።

ነስረዲን ሊጣላዎት ምን ቀርቶት ነበር? ቭላርዲንገን ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳ ነበር፤ እኛ ጋ የመጣው እህቱን ሰብሪያን ከሥራ ሊወስድ ነው። በሩ ላይ ያዙት።

"ምን ጀምረህ ተውክ?"

"ምን አገባዎት?"

"ምንም አያገባኝም። ምን ጀምረህ ተውክ?"

"አካውንቲንግ። ተውኩት አልኩዎት እኮ!"

"መቼ አልከኝ? ያለፍካቸው ፈተናዎች ነበሩ?"

"ነበሩ።"

"ታዲያ እነሱን ማን ወሰደብህ?"

ነስረዲን በሚቀጥለው እሑድ የውጤት ወረቀቱን ይዞ መጣ። ትምህርቱ ተመዘነ፣ የኮሌጁ የፈተና ኮሚቴ አየው፤ ላለፋቸው ትምህርቶች ፍራይስቴሊንግ ሰጡት። ድጋሚ አትማራቸውም፣ እንዳለፍክ ይቆጠርልሃል ማለት ነው። ዓመት ከመንፈቅ ተቀነሰለት። ዓመቱ ሲቀነስ የዓመቱም ክፍያ አብሮ ቀረ፤ ቤተሰብ ለሚያስተዳድር ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ላለ ሰው አልነግርም። ዛሬ ነስረዲን ሮተርዳም ሒሳብ ሠራተኛ ነው። አሁንም ግን አንድ ነገር ስትጠይቁት መጀመሪያ "ምን አገባህ" ይላል።

ሄርሜላ እዚሁ ስላደገች ጋሽ ዳውድን "አንተ" ነው የምትላቸው፣ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል። ሁለተኛ ዓመት ላይ ኮሌጁን ትታ እኛ ጋ ስትቀጠር፣ ጥያቄውን ጠየቋት። "ወድቄያለሁ አልኩህ ዳውድ፣ ላት ማር!" አለቻቸው፣ ተወው በቃ ማለቷ ነው። "እሺ እተወዋለሁ። መጀመሪያ ግን ያለፍሽውን ቁጠሪልኝ" አሏት። በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች። የራሷ ጣቶች አልቀው የእሳቸውን ተበደረች። ያኔ ፊቷን ያየ ሰው አይረሳውም። ሌላ ኮሌጅ ገብታ የቆጠረችውን አስያዘች፤ ከቀረው ውስጥ ሥራዋ ላይ የምታውቀውን ክፍል ሳትገባ በቀጥታ ተፈተነች። አብረዋት ከጀመሩት ቀድማ ተመረቀች።

ይህ ሁሉ የሚሆነው እሑድ ከሰዓት፣ መንከባከቢያው ሁለተኛ ፎቅ የምግብ አዳራሽ ጥግ ላይ በምናጠናበት ጠረጴዛ ነበር። ይህንንም ጠረጴዛ ያዙልኝ።

ፈተና ያለው ሰው በመካከላችን ሲኖር የምናውቀው ደግሞ በጋሽ ዳውድ አንገት ነው። ያችን የሾርባ ክራባት አስረው ይመጣሉ። ተፈታኙን አጅበው ይሄዳሉ፣ እሱ ሲገባ እሳቸው ውጭ ቆሎ ይዘው ይጠብቃሉ።

እኔንም ጠየቁኝ። "ምንም አልጀመርኩም" አልኳቸው፣ እውነቴን ነበር። ጥቂት አሰቡና፣ "ታዲያ ሽርጥሽ ኪስ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?" አሉኝ። ከቤተ መጻሕፍት የተዋስኩት መጽሐፍ ነበር። ማሽኑ እስኪጨርስ አነባለሁ። ዲፕሎማ የሌለው ትልቅ ሰው የመግቢያ ፈተና አልፎ ኮሌጅ የሚገባበት መንገድ እንዳለ ከእሳቸው ሰማሁ። ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ፈተናውን ጨርሼ ስወጣ ዝናብ ይጥል ነበር፤ ጋሽ ዳውድ ክራባታቸውን አስረው ትራም መጠበቂያው ሥር ተቀምጠዋል። "እንዴት ነበር?" አላሉኝም። ቆሎ ሰጡኝ። ስለራሴ ይህ ይብቃ። ተምሬ ጨርሻለሁ፤ የሠራሁበት ዘመንም ተቆጥሮልኝ ከታሰበው ጊዜ ቀድሜ ነው የጨረስኩት።

አሁን ወደ መጣሁበት ልግባ።

ባለቤቴ ዘአማኑኤል፣ ነፍሱን ይማርና፣ አገር ቤት ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። ውጤቱን ይዞ ነው የተሰደደው። እዚህ ከደረስን በኋላ ያ ወረቀት ከሻንጣ አልወጣም። ማታ ማታ ቢሮ ሲያጸዳ ኖሮ ሞተ። ለምን እንዳልወጣ እሱ ያውቅ ነበር፣ እኔም አውቃለሁ፤ ዛሬ የማወራው አይደለም። ይህን ያህል ብቻ እላለሁ፦ የጀመረውን ትቶ የሚሄድ ሰው አጠገቤ እያለ ሁለተኛ ዝም አልልም።

ጋሽ ዳውድ፣ ይህን የምለው ለእርስዎ ነው።

ለማታውቁት፣ ጋሽ ዳውድ በቀይ ሽብር ጊዜ ትምህርታቸውን ጥለው የተሰደዱ የሶሺዮሎጂ ተማሪ ናቸው። ሁላችንን ካስጨረሱ በኋላ ነው ስለራሳቸው ያሰቡት። የእህታቸው ልጅ ጀናት አዲስ አበባ ሬጅስትራር ቤት ተመላልሳ የድሮ ውጤታቸውን አስወጣች። ኮሚቴው ግማሽ ያህሉን ተቀበለ። ያን ቀን የነበረው ደስታቸው! "ብዙዬ፣ ከአርባ ዓመት በላይ የቆየ ማርክ! እኔ ራሴ የረሳሁትን እነሱ አስታወሱልኝ" አሉኝ። የቀረውን በፈተና እያለፉ መጥተው፣ የማኅበራዊ ሥራ ዲግሪያቸው አንድ ነገር ብቻ ቀረው። ሁለት ፈታኞች ፊት ቀርበው የሠሩትን በቃል ማስረዳት።

ባለፈው ጸደይ ቀረቡ። ወደቁ። እሳቸው ራሳቸው ናቸው ሻይ ላይ እየሳቁ የነገሩን፣ ስለዚህ ምስጢር አላወጣሁም።

"ምን ጠየቁዎት?" አልናቸው።

"ምን ሠራህ አሉኝ። የሠራነውን ነገርኳቸው።"

"የእርስዎን ድርሻስ?"

"እሱንማ ራሳቸው ይዩት እንጂ! ልጆች፣ ራሴን ላመስግን?"

ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን የጥናት ቦርሳቸውን ይዘው አልመጡም። ባለፈው ሳምንት ኮሪደር ላይ አገኘኋቸውና ሁለተኛው ዕድል ሐሙስ መሆኑን አስታወስኳቸው። "ጡረታ ወጣሁ እኮ ብዙዬ። ዲግሪውን ለየትኛው መሥሪያ ቤት ላቀርበው ነው? ሰኞ ደውዬ እሰርዘዋለሁ" አሉኝ። እኔም እንደ ልማዴ ዝም አልኩ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ሰኞ ገና አልደረሰም።

እስኪ እናንተን ልጠይቅ። የእሑዱን የጥናት ጠረጴዛ ማን ጀመረው? ሰብሪያ፣ ጋሽ ዳውድ ለፈታኞቹ "ሰብሪያ ናት" ብለዋል። ምን አልሽ? ጮክ ብለሽ ተናገሪ። "እኔ ሻዩን የት ላስቀምጥ ብዬ ነው የጠየቅኳቸው" ትላለች። ሰምተዋል ጋሼ?

የዓርቡን የቅሬታ ጠረጴዛስ? "የአስተዳደሩ ሐሳብ ነው" ብለዋል። ሄርሜላ፣ ይህን ለአንሊስ ተርጉሚላት፣ በደንብ። ይኸው፣ አንሊስ እጇን እያወዛወዘች ነው፤ የእኔ አይደለም እያለች ነው።

ሮቢ አባቱ የሞቱ ሰሞን ትምህርቱን ሊተው ሲል ፈረቃውን እየሸፈነ፣ ቤቱ እየሄደ ያስጠናው ማን ነው? ለፈታኞቹ "ባልደረቦቹ ተጋገዙ" ነው ያሉት። ሮቢ፣ ስንት ሰው ነበር ቤትህ የመጣው? አንድ። ባልደረቦቹ እርስዎ ነዎት ጋሽ ዳውድ።

አንገትዎን አይነቅንቁ። አስተዳደግዎ ነው፣ አውቃለሁ፤ የኔም አስተዳደግ ነው። ስለራስ ማውራት ያሳፍራል። ግን እነዚያ ሰዎች ራስህን አመስግን አላሉዎትም። እርስዎ ለሄርሜላ ያሏትን ነው ያሉዎት፦ ያለፍከውን ቁጠርልን። እሷን ያስቆጠሩ ሰው የራስዎን መቁጠር እንዴት አቃተዎት?

ስለዚህ ይህ ንግግር ለሽኝት ብቻ አይደለም። ዛሬ የተናገርኩት ሁሉ፣ ድንቹም፣ ሁለቱ ጠረጴዛዎችም፣ የሮቢም ነገር፣ ሐሙስ ዕለት የሚናገሩት ነው። አንዱንም አልፈጠርኩም፤ ምስክሮቹ ይኸው ቁጭ ብለዋል። "ለየትኛው መሥሪያ ቤት" ላሉትም መልስ አለኝ፣ ያኔ ኮሪደር ላይ ያጣሁት። ለየትም አይደለም። ሳያልቅ የቀረው የእርስዎ ስለሆነ ነው።

ጋሽ ዳውድ፣ ስለ ሁሉም እናመሰግናለን። ሰው ያቋረጠውን ሳያፍር እንዲናገር አደረጉን። ልጆቻችን ቤት ውስጥ መጽሐፍ ይዘን ያዩን በእርስዎ ምክንያት ነው። እኔ በበኩሌ ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ያ እሑድ ባይኖር ሳምንቱን እንዴት እንደምገፋው አላውቅም ነበር። ይህን ነግሬዎት አላውቅም።

ትናንት የልብስ ሳጥንዎን ሲያስረክቡ ውስጡ የተንጠለጠለ አንድ ነገር ትተው ሄደዋል። ይኸው። አጥቤዋለሁ፣ ተኩሼዋለሁ። የሾርባው ምልክት ግን አልለቀቀም፤ ያን ያህል ዘመን ልብስ ማጠቢያ ሠርቼ ያሸነፈኝ እሱ ብቻ ነው። ሐሙስ ጠዋት ስኪዳም ሴንትሩም ባቡር ጣቢያ፣ ፈተናው ወዳለበት ወደ ዴንሃግ የሚሄደው ባቡር የሚቆምበት ላይ እገኛለሁ። ፈረቃዬን ቀይሬያለሁ። አስረውት ይምጡ። ሲጨርሱ እንዴት ነበር ብዬ አልጠይቅዎትም። ቆሎ ይዤ ውጭ እጠብቃለሁ።

በሉ ተነሡ፣ ብርጭቋችሁን አንሱ፤ ጭማቂም የያዘ፣ ውሃም የያዘ። ፈጣሪ ጤናዎን ይጠብቅልን። ጉልበትዎ አይድከም፣ ቤትዎ ከሰው አይራቅ፣ ጡረታዎ ያሰቡትን ሁሉ የሚያነቡበት ይሁንልዎ።

ለጋሽ ዳውድ። ለሐሙስ።