የአቶ ሃሺ የተደፈነ በር

የድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ ሰውን በቁሙ ያስተኛል። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ወጥቼ በመጋላ ሰፈር በኩል ሳዘግም ፀሐዩ በረታብኝና ወደ አንድ ዛፍ ጥላ ተጠጋሁ። ከሥሩ አንድ ሽማግሌ ሽርጣቸውን አገልድመው ምንጣፍ ላይ ጋደም ብለዋል። አጠገባቸው ማዘንጊያ የሚባል ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናው ላይ አቀርቅሮ ያንቀላፋል። ከኋላቸው ያለው የድንጋይ ቤት ሰማያዊ ቀለሙ ተልጧል፤ የመንገዱ በር በብሎኬት ተደፍኗል። የሰፈሩ ቤት ሁሉ እንዲያው ነው።

“ና፣ ግባ ጥላው ውስጥ!” አሉኝ። ድሬ አንቱታ አታውቅም፤ እኔ ግን ያደግሁበት ልማድ አልለቀቀኝም።

“አመሰግናለሁ አባቴ። ውስጥ አይሻልዎትም?”

“ውስጥማ ምድጃ ነው። ተከራዩ ሁሉ ጥሎኝ ወጣ። ሰፈሩ ሞቷል።”

ሽማግሌው አቶ ሃሺ ይባላሉ። እንዳጫወቱኝ “ለሚፈርስ ቤት ማን ኖራ ይቀባል?” እያሉ፣ ፎቅ የሚያቆምላቸው ባለሀብት ለዓመታት ጠብቀዋል። ባለሀብቱ መጣ፤ የፈለገው ግን ቤቱን ገዝቶና አፍርሶ መጋዘን ማድረግ ነው። መልሱን ሊሰማ የሚመጣው ዛሬ ነው። ከሸጡ በኋላ ወዴት እንደሚሄዱ ስጠይቃቸው ዞረው ቤቱን ተመለከቱ። የተወለዱበት ቤት ነው።

በዚህ መሐል የእህታቸው ልጅ ዴቃ መዶሻና መሮ ይዛ መጣች። የሕንፃ ምህንድስና ተምራለች። በሶማሌ ወግ አጎትና የእህት ልጅ አንዱ ሌላውን “አብቲ” ይለዋልና ክርክራቸው የእኩዮች ይመስላል።

“አብቲ፣ ከመሸጥህ በፊት አንድ በር ብቻ ልክፈት።”

“አንድ በር ሰፈር ያድናል፣ አብቲ? የተማርሽው ፎቅ መሥራት አይደለም እንዴ?”

“ለፎቅ አቅም የለንም። መዶሻ ግን አለን። አንድ ክፍል እናድስ፤ የሱ ኪራይ የሁለተኛውን ጣሪያ ይቀይራል፣ ሁለተኛው ደግሞ ሦስተኛውን ያድሳል።”

“ወላሂ፣ አንቺ እስክትጨርሺ እኔ መቃብር ገብቻለሁ!”

“ፎቅ ስትጠብቅስ ወዴት እየሄድክ ነበር?”

እኔም አላስችል ብሎኝ፣ “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” አልኩ።

“የኔ እንቁላል ገምቷል” አሉ ሽማግሌው።

ሳቅሁ፤ ግን ተናድጄም ነበር። ትልቁን እየጠበቁ ያለውን ትንሽ መግደል የብዙዎቻችን በሽታ ነው።

“ይህን በር ማን ደፈነው?” አልኩ።

“እኔ ነኛ። ባቡሩ ሲቀር ገበያው ቀዘቀዘ፤ እናቴ ሃልዋ የሚባለውን ጣፋጭ ትሸጥበት የነበረውን ሱቅ ዘጋሁ። አቧራና ሌባ እንዳይገባ ደፈንኩት።”

“ነፋስም እንዳይገባ” አለች ዴቃ። “አያቴ ቤቱን ስታሠራ የመንገዱንና የጓሮውን በር ፊት ለፊት ያደረገችው ለምን ይመስልሃል? ተከራይ የወጣው ሰፈሩ ሞቶ አይደለም፤ ቤቱን አፍነኸው ነው። ጎረቤቱም አንተን አይቶ ደፈነ።”

አቶ ሃሺ ቀና ብለው ግራ ቀኙን ተመለከቱ። እንደዚያ አድርገው አይተውት አያውቁም ነበር።

“በይ ምቺው” አሉ ቀስ ብለው።

በመዶሻው ድምፅ ማዘንጊያ ነቅቶ ያግዛት ጀመር። ብሎኬቱ ተነስቶ ሲያልቅ ነፋስ ከጓሮው ገብቶ፣ ጨለማውን ክፍል አቋርጦ ፊታችንን መታን። ሽማግሌው ገብተው እናታቸው ሃልዋ ትሸጥበት በነበረው ቦታ ቆሙ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

“ነፋሱን ረስቼው ነበር” አሉ።

“ለስፌት መኪናዬ ይህ ጥግ ይበቃታል” አለ ማዘንጊያ።

“መጀመሪያ እንቀባዋ!” አለች ዴቃ።

“ነፋስ ካለ ቀለሙ ይደርሳል” አለ ማዘንጊያ።

ገዢው ሲመጣ አቶ ሃሺ የተከፈተው በር ደፍ ላይ ተቀምጠው ጠበቁት። “አዝናለሁ፣ ቤቱ ተከራይ ገብቶበታል” አሉት።

ከዚያ ወዲህ የማዘንጊያ ኪራይ ቀጥሎ ያለውን ክፍል ቆርቆሮ ለወጠ፤ እዚያ ሳምቡሳ የምትጠብስ ሴት ገባች። የሷ ኪራይ ደግሞ ጓሮውን አስጠረገ። በር ሲከፈት መብራት ይወጣል፤ መብራት ባለበት ሰው ይቆማል፤ ሰው በቆመበት ሌባ አይደፍርም። ማንም ቤቱን ጥሎ አልሄደም፣ ባለሀብት የጠበቀም የለም። ሰፈር እንዲህም ይድናል።

ባለፈው ሳልፍ አቶ ሃሺን በተከፈተው በር መሐል ጋደም ብለው አገኘኋቸው። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ከማዶ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ።

“ጎረቤቴ ቢሌ ነው” አሉ። “እሱም የደፈነውን በር እየከፈተ ነው።”

“ፎቁስ እንዴት ሆነ?” ብዬ ነካካኋቸው።

“የቱ ፎቅ?” አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።