ሰባት ፈር

ስንዱ እንደ ወትሮዋ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣች። ፊቷን ታጠበች፤ ከማታ የተረፈውን ሽሮ አሙቃ በላች፤ ሳህኑን አጥባ ደፋች። የግንቦት ሰማይ ስለማይታመን የተማሪዎቿን ደብተሮች በፌስታል ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያም በሯን ቆልፋ ወጣች።

ከቤቷ እስከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ሃያ አምስት ደቂቃ ያስኬዳል። ባሏ ምስጋናው በሕይወት ሳለ እሱም መምህር ነበረና አብረው ይሄዱ ነበር። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆነው ነው የሚሄዱት፤ ስለዚህ ስታወራ የምታወራው ከጀርባው ጋር ነበር። እሱ ከሞተ ሦስት ዓመት አልፏል። አሁን ከፊቷ የምታየው መንገዱን ብቻ ነው።

መንገዱ ወደ ትምህርት ቤቱም ወደ ቤተ ክርስቲያኑም የሚወስደው ያው አንዱ ነው። በግራው በኩል ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ እያሰፋው የሚሄድ ቦረቦር አለ። በቀኙ በኩል ደግሞ የአያ ወልደ ገብርኤል የገብስ መሬት ነው። አያ ወልደ ገብርኤል ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ገበሬ ናቸው። በልጅነታቸው ዳዊት ደግመዋል፤ በአካባቢው የድንበር ጠብ ሲነሣ ያለ እሳቸው ዕርቅ አይወርድም። የዚያን ዕለት ጠዋት፣ ማታ የጣለው ዝናብ መሬቱን አለስልሶላቸው ኖሮ በሬዎቻቸውን ጠምደው ያርሱ ነበር።

ስንዱ ገና ከሩቅ ስታያቸው በረጅሙ ተነፈሰች። ቦርሳዋ ውስጥ የሳቸው ፊርማ የጎደለው አንድ ወረቀት አለ። የወረዳው የወጣቶች ፓርላማ በሚቀጥለው ሳምንት በወረዳው ከተማ በመካነ ኢየሱስ ይሰበሰባል። ከየትምህርት ቤቱ በድምፅ የተመረጡ ልጆች የአካባቢያቸውን ችግር አጥንተው ያቀርባሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይወስናሉ፤ ውሳኔያቸው ለወረዳው ምክር ቤት ይደርሳል። ከዚህ ትምህርት ቤት የተመረጠችው የአያ ወልደ ገብርኤል ልጅ፣ የአሥረኛ ክፍሏ የኔነሽ ናት። ወላጅ ካልፈረመ ግን መሄድ አይቻልም። አጥኚው ካልሄደ ደግሞ ጥናቱም አይቀርብም። የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው።

ስንዱ ስትጠይቃቸው ይህ አራተኛ ጊዜዋ ነው። በመጀመሪያው «ሑዳዴ ነው፤ በጾም እንዲህ ያለ ነገር አልጀምርም» አሏት። በሁለተኛው «እናቷን ልጠይቅ» አሉ፤ እናቷ ወይዘሮ ካሣነሽ ግን ከተስማማች ሰንብታለች። በሦስተኛው «መነጽሬ ተሰብሮ ማንበብ አልቻልሁም» አሉ።

«እንደምን አደሩ፣ አያ ወልደ ገብርኤል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንደምን አደሩ፣ መምህርት?» አሉ እርፋቸውን ሳይለቁ። ቀጥለውም «ስለዚያች ወረቀት ከሆነ ጠዋቴን አያበላሹብኝ።»

«ዛሬ ማለቅ ስላለበት ነው። መነጽርዎ ተጠገነ?»

«ኧረ የት ተጠግኖ!»

መነጽሩ ከሸሚዛቸው ኪስ ብቅ ብሎ ይታያል። ስንዱ አየችው፤ እሳቸውም እንዳየችው አዩ። የተማረ ሰው ትዕግሥቱ የሚፈተነው በእንዲህ ያለው ሰዓት ነው።

«እውነቱን ልንገርዎ» አሉ በመጨረሻ። «ፖለቲካ የሚባል ነገር ከቤቴ እንዲገባ አልሻም። ዛሬ አንዱ መጥቶ ስሟን ይጽፋል። ነገ ሌላው መጥቶ በዚያው መዝገብ ይፈልጋታል። ስንቱን አይቻለሁ።»

«ፍርሃትዎን አልንቀውም፤ እኔም እፈራለሁ። ነገር ግን እዚያ ፓርቲ የለም። ልጆቹ የሚከራከሩት ስለ ውኃ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ መጸዳጃ ቤት ነው።»

«ስለ መጸዳጃ ቤት ለመከራከር መካነ ኢየሱስ ድረስ?»

«እዚህ ቢናገሩ ማን ይሰማቸዋል?»

«እሱስ ልክ ነው፤ እኔም አልሰማም» ብለው ሳቁ። «ደግሞ አፈ ጉባኤ ልትሆን ትችላለች ሲሉ ሰማሁ። እኔ ቤት አንዲት አፈ ጉባኤ አለች፤ ካሣነሽ ትበቃኛለች። ሁለተኛ ከጨመሩብኝ በሬዎቹ ዘንድ ሄጄ ነው የማድረው።»

ስንዱ አልሳቀችም። «ልጠይቅዎ፤ ሽምግልናን ማን አስተማረዎ?»

«ማን ያስተምረኛል? አይቼ ነዋ! አባቴ ሲሸመግሉ ከኋላቸው ቆሜ ማን ምን እንዳለ እሰማለሁ። ቤት ስንገባ ‹አንተ ብትሆን ምን ትፈርድ ነበር?› ይሉኛል። ስሳሳት ይቆጡኛል፤ ግን በማግስቱም ይጠይቁኛል።»

«ያኔ ስንት ዓመትዎ ነበር?»

«አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት ቢሆነኝ ነው።»

«የኔነሽስ ስንት ዓመቷ ነው?»

አያ ወልደ ገብርኤል ወደ በሬዎቻቸው ዞሩ። «ሃ! ና! ምን ያቆምሃል!» አሉ ጅራፋቸውን እያጮሁ። የማይመች ጥያቄ ሲመጣበት በሬ የጠመደ ሰው ዕድለኛ ነው።

«ያ ሽምግልና ነው» አሉ እየሄዱ። «ሽምግልና ያስታርቃል፤ ይህ የእናንተ ነገር ያጣላል። ልጅ ‹ችግር አጠናሁ› ብሎ በትልልቅ ሰው ፊት ሲቆም ችግሩን ያመጣው ሰው እኮ እዚያው አለ። ነገ እሱ ከአባቷ ጋር ምን ይሆናል? አፍ መክፈት ቀላል ነው፤ የተከፈተውን የሚዘጋው ማነው?»

ከማሳው ጫፍ ደርሰው ተመለሱ። በዚህ ዙር ማረሻው የገባው ማሳው ውስጥ አይደለም፤ ከመንገዱ ዳር ነው። ዕድሜ ልኩን የተረገጠው ጠጣር አፈር ቋ ቋ እያለ ተገለበጠ። ስንዱ ለበሬው ቦታ ለመልቀቅ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ ተረከዟ ሥር ድንጋይ ተንዶ ቦረቦሩ ውስጥ ሲወርድ ተሰማት። እንደ ምንም ወደፊት ዘላ የታረሰው ላይ ቆመች።

«ኧረ መምህርት! እርሻውን ረገጡብኝ እኮ!»

«ታዲያ የት ልቁም?»

ድምፅዋ ከፍ ብሎ ነበር። አያ ወልደ ገብርኤል በሬዎቹን አቁመው እግሮቿን ተመለከቱ። ከኋላዋ ቦረቦሩ፣ ከፊቷ ገና አሁን የገለበጡት ፈር። መሐል የቀረው መንገድ አንድ ክንድ ተኩል ቢሆን ነው። ስንዱ አንድ ነገር ልትል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ዋጠችው። ሦስት ዓመት የዋጠችው ነገር ስለሆነ እንዴት እንደሚዋጥ ታውቅበታለች።

በዚህ መሐል የኔነሽ ዩኒፎርሟን ለብሳ እየሮጠች ደረሰች። አባቷንና መምህርቷን ቆመው ስታይ ደነገጠች።

«ነይ እስቲ፣ የመካነ ኢየሱስ ሰው!» አሏት አባቷ። «መምህርትሽ ልትበላኝ ነው። ለመሆኑ እዚያ ምን ልትናገሪ ነው?»

የኔነሽ መሬት መሬት አየች። ስንዱ የጥናቱን ርዕስ ታውቃለች። በልመና ያልረታቻቸውን ሰው በጥናቱ ጭራሽ ልታጣቸው ነው። ቢሆንም የጥናቱ ርዕስ የሰፈረበትን የፈቃድ ወረቀት አውጥታ ሰጠቻቸው። «ያንብቡት፤ ተደብቆ የሚፈረም ነገር የለም» አለች።

አያ ወልደ ገብርኤል ያንን የተሰበረውን መነጽር ከኪሳቸው አወጡና አደረጉ። ዳዊት እንደሚደግም ሰው በዜማ ቢጤ ያነቡ ጀመር። «የ-እግር መንገዶች… በ-እርሻ ምክንያት… መጥበብ።» ቆሙ። ከወረቀቱ በላይ ልጃቸውን አዩ። «የማንን መንገድ ነው ያጠናሽው?»

«ይኸንን ነው፣ አባ። እስከ ወንዙ ድረስ ለካነው።»

«በምን?»

የኔነሽ ከቦርሳዋ በየክንዱ የተቋጠረ የአህያ መጫኛ አወጣች።

«መጫኛዬ!» ብለው ጮኹ። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ጎረቤቴን ወርቅነህን ሰረቅኸኝ እያልሁ ስከሰው! አንቺ ነሽ?»

«ለመለኪያ ነው፣ አባ። አዛውንቶቹን ጠየቅን፤ ዱሮ አምስት ክንድ ነበር አሉ። ስንለካው እዚህ ጋ ሁለት ነበር፤ አሁን አንድ ተኩል ነው። ባለማሳው ሁሉ በየዓመቱ አንዳንድ ፈር ይጨምራል። አንድ ፈር ስለሆነች ማንም አያያትም።»

«የስንቱን ሰው ማሳ ለካችሁ?»

«የአሥራ አንድ ሰው።»

«ከማን ጀመራችሁ?»

«ከእኛ።»

በሬው ጆሮውን አራገበ። አያ ወልደ ገብርኤል መነጽራቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት። «ከእኔ?»

«ከሌላ ሰው ብንጀምር ጠብ ይነሣል ብዬ ነው» አለች የኔነሽ መጫኛውን በእጇ እየጠቀለለች። «ጓደኞቼ ከአያ ወርቅነህ እንጀምር ብለው ነበር፤ የሳቸው ይብሳል። እኔ ግን እንቢ አልሁ። አባቴ አስታራቂ ነው፤ የአስታራቂ ማሳ መጀመሪያ ከተለካ ሌላው ይቀየማል እንጂ አይጣላም አልኋቸው። ድምፅ ሰጥተን በአንድ ድምፅ አሸነፍሁ። በጥናቱ ወረቀትም የማንም ስም የለበትም፤ ክንዱ ብቻ ነው የተጻፈው።»

አያ ወልደ ገብርኤል ከወረቀቱ ቀና አሉ። ዓይናቸው የገለበጡት ፈር ላይ ነበር።

«ይህ ስንተኛው ነው?»

«ሰባተኛው፣ አባ። ስንለካ ስድስት ነበር፤ ከዛሬው ጋር የእኛ ሰባት ነው።»

በጣታቸው ወደ ኋላ ቆጠሩ። አራተኛው ጣት ላይ ሲደርሱ ቆሙና ወደ ስንዱ ዞሩ። እስከዚያች ደቂቃ «እርስዎ» ሲሏት የቆዩት ሰው «ልጄ» አሏት። «ምስጋናውን ስንቀብር አራተኛው ፈር ነበር።»

ስንዱ ወደ ቦረቦሩ አየች።

«ቃሬዛውን ለአራት ነው የያዝነው። እኔ ከፊት በቀኝ ነበርሁ። እዚችው ጋ ስንደርስ መንገዱ ለአራት አልበቃም፤ በግራ የያዘው ልጅ ቦረቦሩ ዳር እግሩ ከዳው፤ ቃሬዛው አዘነበለ። እኔ ደግሞ የራሴን እርሻ ላለመርገጥ…» አልጨረሱትም። «ከኋላ ነበርሽ። አይተሻል?»

«አይቻለሁ» አለች ስንዱ።

«ታዲያ ሦስት ዓመት እንዴት አንድ ቀን እንኳ ምንም አላልሽኝም?»

«ዛሬ የመጣሁት ለልጅዎ ነው፣ አያ ወልደ ገብርኤል።»

ሽማግሌው ከስንዱ ብዕር ተቀበሉ። ወረቀቱን ሞፈሩ ላይ ዘርግተው ስማቸውን በዳዊት ፊደል አሳምረው ጻፉ። «ያጣላል ብዬ ነበር የፈራሁት» አሉ ብዕሩን እየመለሱ። «እኔ አርባ ዓመት ሳስታርቅ ከራሴ ማሳ ጀምሬ አላውቅም።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው ኮስተር አሉ፦ «መጫኛዬን ግን ትመልሻለሽ!»

«ከስብሰባው በኋላ፣ አባ።»

«አያችሁ? ገና ሳትሄድ ማዘግየት ጀመረች!»

የኔነሽ ሄደች፤ አቀረበች። አፈ ጉባኤ ግን አልሆነችም፤ በድምፅ ተሸነፈችና ሁለት ቀን አኮረፈች። እሱም ትምህርት ነው፤ ተሸንፎ ወንበር ላይ መቀመጥን ብዙ ትልልቅ ሰዎች ሳይማሩት አርጅተዋል። የመንገዱ ጉዳይ ግን ጸደቀ። በሰኔ መባቻ ሽማግሌዎችና ተማሪዎች መጫኛውን ይዘው መንገዱን ሲለኩ ከፊት የነበሩት አያ ወልደ ገብርኤል ናቸው፤ መጀመሪያ የተለካውም የሳቸው ነው። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ያለ ክርክር ለቀቁ። አንዱ እያጉረመረመ ለቀቀ። ወርቅነህ «ሌባ ስባል የከረምሁበት ካሣ ነው» ብሎ እስከ ዛሬ ግማሹን ይዞ ይከራከራል። የወጣቶቹ ፓርላማ ጉዳዩን ለሁለተኛ ጊዜ ሊያነሣው ነው።

አያ ወልደ ገብርኤል ደግሞ አሁን በተራቸው ስንዱን መከራዋን ያበሏታል። በየሳምንቱ መንገድ ላይ ጠብቀው አዲስ አጀንዳ ይሰጧታል፤ ባለፈው ያመጡት ስለ ጎረቤት ውሻ ነበር። ታዳምጣቸዋለች፤ ምን ታድርግ።

ጥቅሙን ማየት የሚሻ ሰው ጠዋት በዚያ መንገድ ይሂድ። የተጫነች አህያና ገበያተኛ ሳይገፋፉ ይተላለፋሉ። ሕፃናት በቦረቦሩ ዳር አይሄዱም። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አርፍዶ የሚገባው ተማሪ ቀንሷል። ቀባሪም ቃሬዛውን ለአራት ይዞ ቀጥ ብሎ ያልፋል። ልጆቹም ሰው ሳያዋርዱ መጠየቅን፣ ከራስ መጀመርን ለመዱ፤ ይህን በአሥራ ስድስት ዓመቱ የለመደ በስድሳው አይቸገርም።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት የአያ ወልደ ገብርኤል ገብስ ሰባት ፈር ጎድሎ ነበር። መንገዱ አምስት ክንድ ሆኗል፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን እያወራ ያስኬዳል። ስንዱ በማሳው በኩል፣ በቀኙ ትሄዳለች። በግራዋ ሰው የለም።