ሳይገፋ የተነሳው ፔጆ

አባቴ የተወልኝ ፔጆ ሳይገፋ ተነስቶ አያውቅም። ጠዋት ጠዋት የከዚራ ሰፈር ጎረቤቶቼ ወጥተው ይገፉልኛል፤ የሰፈሩ ወሬም የሚወራው መኪናው እየተገፋ ነው። ታዲያ ባለፈው ካርቡሬተሩን አውልቄ ጣልኩና፣ ኢንተርኔት ላይ እያየሁ፣ ነዳጁን በኮምፒውተር እየመጠነ የሚረጭ ኢንጄክሽን በገዛ እጄ ገጠምኩለት። በማግስቱ ቁልፉን ነካ ሳደርገው ተነሳ። እኔ በደስታ ልሞት ነው፤ ሊገፉ የወጡት ጎረቤቶቼ ግን ለቅሶ ቤት የገቡ ይመስላሉ።

ሽርጣቸውን አጥብቀው የመጡት ሐጂ ዩሱፍ፣ «ምን አስቀየምንህ?» አሉኝ።

«ኧረ ምንም፣ ሐጂ። መኪናው ተሠርቶ ነው።»

«የትናንቱን ወሬ ታዲያ የት እንጨርሰው? አቦ፣ አጥፋውና እንግፋህ።»

አጠፋሁት። ወሬያቸውን ጨርሰው እስኪስቁ ድረስ ገፉኝ። ያን ሁሉ የለፋሁበትን ኮምፒውተር አሁን፣ መኪናው ካልተገፋ እንዳያስነሳው አድርጌ አስተካክዬዋለሁ።