ከቆሻሻ መጣያው አጥር ሥር የበቀለ ጎመን

ይኸውላችሁ፣ እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ጓሯችን የሚዋሰነው የድሮ ቆሻሻ መጣያ ስንት ዓመት ፈጅቶ ጸዳና፣ መንግሥት ከአደገኛ ቦታዎች ዝርዝር ሊሰርዘው ነው ተባለ። እኔም ተመስገን ብዬ በአጥሩ ሥር ጎመን ዘራሁ። ልጄ ሩት ግን እርጉዝ ናትና፣ "ማሚ፣ ኖ ዌይ! ከዚህ ጓሮ አልበላም፤ ልጄም እዚህ አይጫወትም" አለችኝ። አልተከራከርኳትም፤ ለእመቤቴ ማርያም ነግሬ ጎመኔን ማጠጣቴን ቀጠልኩ።

አንድ ቀን ሩት ልትጠይቀኝ መጥታ ሳለ፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት አንዲት ሴትዮ ስለ ስረዛው ለጎረቤቱ እያስረዳች እኛም ቤት ገባች። የጓሯችሁም አፈር ተመርምሮ ንጹሕ ሆኖ ተገኝቷል አለችን። እንግዳ ሳይቀምስ አይወጣምና ያንኑ ጎመን ቃሪያ ጨምሬበት በእንጀራ አቀረብኩላት። እንዳትሰጋም እንደ ሀገሬ ደንብ መጀመሪያ እኔ ጎረስኩ። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ወደ ሩት ዞረች።

"መርዝ እንደሌለው ለማሳየት አቅራቢው ቀድሞ ይቀምሳል" ብላ ሩት አስረዳቻት።

ሴትዮዋ ሳቀች። "ታዲያ ንጹሕ ነው ያልኩት እኔ አይደለሁ? መቅመስ ያለብኝማ እኔ ነበርኩ!" ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች። ጎረሰች፣ ደገመች፣ ሠለሰች፤ ቃሪያው እንባዋን እያወረደው እንኳ አላቆመችም።

ሩት ሴትዮዋን አየች፤ ሳህኑን አየች። ከዚያ ወንበሯን ስባ ተጠጋችና በአማርኛ፣ "ማሚ፣ እንዳትጨርሰው በያት እንጂ!" አለችኝ።